ባልዘመተ ሰው ፊት መፎከር

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ማንነቱ ባይታወቅም ሥራ ፍለጋ ተንከራቶ የሚያውቅ መሆን አለበት። ሰውየው ሥራውን ሠርቷል፤ ደጃዝማችነቱም ይገባዋል፤ ነገር ግን ሰጪው ፊት ቆሞ ዝም አለ። ሹመቱ የተናጋሪው ሆነ።

አባቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። ፉከራ ይባላል። ከዘመቻ የተመለሰ ጦረኛ በጌታው ፊት ይቀርባል፤ «ዘራፍ!» ይላል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይዘረዝራል፤ ግዳዩንም ይጥላል። ጌታው ሰምቶና አይቶ ይሸልማል፣ ይሾማል። ዛሬ እኛ «ሲቪ» የምንለው፣ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ «ሬዙሜ» የሚሉት ወረቀት ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር አይደለም። በኮምፒዩተር ተጽፎ በኢሜይል የሚላክ ፉከራ ነው።

የጥንቱ ፉከራ ግን አንድ ትልቅ ምቾት ነበረው። የሚሰማው ሰው ራሱ ዘማች ነው። የወንዙ ስም ሲጠራ ወንዙን ያውቀዋል። የአለቃው ስም ሲነሳ ምን ዓይነት አለቃ እንደነበር ያውቃል። ፎካሪው ልዋሽ ቢልም «እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ» የሚል ጎረቤት አጠገቡ ቆሟል። ስለዚህ ብዙ ማብራራት አያስፈልገውም፤ ብዙ መዋሸትም አይመቸውም። እስቲ አሁን ያንኑ ጦረኛ ጦር ሜዳ አይቶ በማያውቅ፣ የወንዙንም ስም ሰምቶ በማያውቅ ሰው ፊት አቁሙትና «ፎክር!» በሉት። ዛሬ የማነሳው ይህን ሰው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ የኢትዮጵያ ልጆች አሉ። ከፊሎቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። ከፊሎቹ በዲቪ ሄደው፣ ዜግነቱን ቶሎ እናገኛለን ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፈንልናል ብለው የተመዘገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ አንድ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር፤ አረንጓዴ ካርድ ባይኖራቸውም በሕጋዊ መንገድ አገሪቱ ውስጥ ያሉና ጦሩ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች የሚናገሩ ሰዎችን ተቀብሎ በአገልግሎታቸው ልዋጭ ዜግነቱን ያፋጥንላቸው ነበር። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛ አንዱ ነበር። ፕሮግራሙ በ2016 አዲስ ሰው መቀበል አቆመ።

ከነዚህ ወታደሮች አንዳንዶቹ ጠመንጃ ተኩሰው ከተማሩ በኋላ የሚመደቡት ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሙያው በጦሩ አጠራር «25 ብራቮ» ይባላል፤ በሰላማዊው ሰው ቋንቋ የአይቲ ባለሙያ ማለት ነው። 10 ሳምንት መሠረታዊ ውትድርና፣ ቀጥሎም ጆርጂያ ግዛት ፎርት ጎርደን ውስጥ 20 ሳምንት ገደማ የሙያ ትምህርት ይወስዳል። ከዚያ ዓመታት ያገለግላል፣ ውሉ ያልቃል፣ ልብሱን አውልቆ ሥራ ፍለጋ ይወጣል።

የሥጋ ዘመድም የአገር ልጅም በብዛት ያለው ዋሽንግተን ዙሪያ ነውና ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ወደ አርሊንግተን፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመለስ አይጠፋም። ቦታውም ለሙያው የተመረጠ ነው። ፔንታጎን የሚገኘው አርሊንግተን ነው። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለችው አሽበርን ደግሞ በዓለም አቻ የሌለው የዳታ ማዕከል ክምችት ያለባት አካባቢ ናት። እንግዲህ ዓመታት ሙሉ የኮምፒዩተር መረብ ሲዘረጋና ሲጠግን የኖረ ልጅ፣ በነዚያ መስኮት አልባ ሕንፃዎች ሥር መንገደኛ ጭኖ ወደ ደለስ ሲመላለስ ምን ትላላችሁ? ኡበር መንዳት ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ስንት ቤተሰብ ያሳደገ እንጀራ ነው። የሚያንገበግበው ልጁ የደከመበት እውቀት በአንድ ገጽ ወረቀት ሰበብ ሜዳ ላይ ሲቀር ነው። በእርግጥ ምክንያቱ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። የገበያ ነገር አለ፤ ዕድል አለ፤ አድልዎም አለ። በልጁ እጅ ያለው ግን ወረቀቱ ነው። ስለዚህ እንደማንኛውም ድርሰት ቁጭ ብለን እናንብበውና ሂስ እንስጥበት።

*

ለምሳሌ የሚከተለውን ዓይነት ወረቀት እናስብ። የማንም የግል ወረቀት አይደለም፤ የተለመደውን መልክ አሰባስቤ ያዘጋጀሁት ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ 25 ብራቮ። በአንድ እግረኛ ሻለቃ የኤስ 6 ተጠሪ። ዋጋው 2 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ንብረት ተረክቦ መቶ በመቶ ያለ ጉድለት ያስረከበ። የኒፐርና የሲፐር መስመሮችን የተቆጣጠረ። 4 ወታደሮችን የመራ፣ ያሠለጠነ፣ ለማዕረግ ያበቃ። ሜዳሊያ የተሸለመ። የተሰጠውን ግዳጅ ሁልጊዜ በብቃት የተወጣ።»

በአንድ ሆስፒታል ወይም ባንክ የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራ ሴት ይህን ስታነብ ምን ይታያታል? «25 ብራቮ» የአውቶቡስ ቁጥር ይመስላታል። «ኤስ 6» የሞባይል ሞዴል ነው እንዴ ትላለች። 2 ሚሊዮን ዶላር ንብረት የሚለውን ስታይ ሰውየው ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር ብላ ትደመድማለች። አትፍረዱባት። እኛስ ብንሆን አንድ የቀድሞ ወታደር «መገናኛ ነበርኩ» ቢለን የሬዲዮ ባለሙያነቱ ቀርቶ የታክሲ ተራው አይደል የሚታየን?

ሴትየዋ ያላየችው ነገር ይህ ነው። «ኤስ 6» ማለት የአንድ ሻለቃ የመገናኛና የኮምፒዩተር ክፍል ነው። ሻለቃ ደግሞ ከ300 እስከ 1,000 ሰው የሚይዝ ድርጅት ነው። ስለዚህ ልጁ መካከለኛ መጠን ያለው መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ተጠሪ ነበር ማለት ነው። «ኒፐር» ምስጢር ያልሆነ ሥራ የሚሠራበት የጦሩ መረብ ነው፤ «ሲፐር» ምስጢር የሚተላለፍበት። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ መረቦችን፣ ሁለት የተለያየ የጥንቃቄ ደንብ ጠብቆ አሠርቷል። 2 ሚሊዮን ዶላር ያለው ንብረትም ራውተር፣ ስዊች፣ ላፕቶፕ፣ ሬዲዮና የሳተላይት መገናኛ ነው። ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ግን እንደሌለ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ሰውየው የማን እንደነበረ ይናገራል እንጂ ምን እንደሠራ አይናገርም። ጦር ሠራዊት ውስጥ ይህ አነጋገር ያስኬዳል። ማዕረግና ክፍል ከተጠራ ቀሪው ይታወቃል፤ ሃምሳ አለቃ ምን እንደሚያደርግ ሌላው ሃምሳ አለቃ ያውቀዋልና። ወታደሩም ዓመታት በዚህ ቋንቋ ስለኖረ ቋንቋ መሆኑን ረስቶታል።

አንባቢው ደግሞ ከዚህ ዓለም የራቀ ነው። አሜሪካ የግዳጅ ምልመላን ካቆመች እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ ወታደር የሚሆነው የፈለገ ብቻ ነው። ከ330 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ በመደበኛው ሠራዊት ውስጥ ያለው 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። «ስለ አገልግሎትህ እናመሰግናለን» የሚል ሰው በየመንገዱ ሞልቷል፤ አገልግሎቱ ምን እንደነበር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከእስራኤል ጋር ብታነጻጽሩት ይበልጥ ይገባችኋል። እዚያ አብዛኛው አይሁዳዊ ዜጋ 18 ዓመት ሲሞላው ይዘምታል። ስለዚህ ሲቪ ላይ «8200» ወይም «ማምራም» የሚል የክፍል ስም ከተጻፈ ቀጣሪው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም፤ ራሱ ዘማች ነበርና። የዚያ አገር ወጣቶቻችን ቅሬታ ሌላ ነው፤ ወደነዚያ በር ከፋች ክፍሎች የሚገቡት ቤተ እስራኤላውያን ጥቂት መሆናቸው። የክፍል ስም ብቻውን እንጀራ የሚሆነው ሰሚው ሲያውቀው ነው። ቨርጂኒያ ላይ ሰሚው አያውቀውም።

*

«ታዲያ መተርጎም ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ተብሏልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሕግ ከጦሩ የሚሰናበቱ ወታደሮች ወደ ሰላማዊ ኑሮ መሸጋገሪያ ሥልጠና እንዲወስዱ ግዴታ አድርጎ፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ይወስዱታል። ከዚያ ውጭም ምክር ሰጪው ብዙ ነው፤ መጽሐፉ፣ ቪዲዮው፣ በክፍያ የሚጽፈው። ምክሩም ባብዛኛው አንድ ነው። «ግዳጅ» የሚለውን «ፕሮጀክት» በለው። «ቡድን መሪ» የሚለውን «ሱፐርቫይዘር» በለው። «አዛዥ» የሚለውን «ሥራ አስኪያጅ» አድርገው። ከላይ ደግሞ ማጣፈጫ ይጨመርበታል፤ «ውጤት ተኮር»፣ «ጫና የማይበግረው»፣ «የላቀ የአመራር ብቃት ያለው»።

በዚህ ምክር ላይ ያለኝ ቅሬታ ልብሱን ቀይሮ ገላውን ሳያጥብ መተዉ ነው። የቅድሙን ወረቀት በዚህ መንገድ ብንተረጉመው ሴትየዋ የምታነበው «ውጤት ተኮር ሱፐርቫይዘር፤ 2 ሚሊዮን ዶላር ሀብት ያስተዳደረ፤ ፕሮጀክቶችን ሁሉ በብቃት ያጠናቀቀ» የሚል ይሆናል። አሁን ቃሉ ሁሉ ይገባታል። ሰውየው ግን ጭራሽ ጠፋባት! ቅድም ቢያንስ ወታደር እንደነበር ታውቅ ነበር። አሁን ያለቻት ያው በየቀኑ መቶ ጊዜ የምታያት ዓረፍተ ነገር ናት።

በነገራችን ላይ ይህ የማጋነን ልማድ ከሰላማዊው ዓለም ብቻ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ጦር ለባለሌላ ማዕረግተኞቹ በየጊዜው የሚሞላው የአፈጻጸም መመዘኛ አለ፤ በአጫጭር መስመሮች ይጻፋል። እዚያ ላይ ሰው ሁሉ «ከጓደኞቹ ሁሉ የላቀ» ነው። ማዕረግ የሚወሰነው በዚያ ስለሆነ አለቃው ለወታደሩ አዝኖ ያሳምርለታል። ወታደሩ ሲሰናበት ያንኑ ሙገሳ ወደ ሬዙሜው ይገለብጠዋል። ከዚያ ቅጽ መገልበጥ የነበረበት ግን ሌላ ነው። በሙገሳው መሃል ቁጥሮች አሉ፤ ስንት ማሽን፣ ስንት ሰው፣ ስንት ወር። ሙገሳውን ትቶ ቁጥሩን ቢወስድ ይበጀው ነበር።

ደህና፣ ሂስ የሚሰጥ ሰው አማራጩንም ያሳይ። ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው። ለስንት ሰው? በምን መሣሪያና ፕሮግራም? በየቀኑ ምን ታደርግ ነበር? ምን ተበላሽቶ ምን አደረግህ? አንተ ከመጣህ በኋላ ምን ተለወጠ? በነዚህ ብንጽፈው ያው ወረቀት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«600 ሠራተኞች ላሉት ክፍል የኮምፒዩተር ድጋፍ ሰጪ ቡድን መርቻለሁ፤ ቡድኑ 4 ሰው ነበረው። በቀን 20 ያህል የብልሽት ጥሪ እንቀበል ነበር። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ የተጠቃሚ አካውንት ከፍቻለሁ፣ ዘግቻለሁ፣ የይለፍ ቃል አድሻለሁ። 350 ላፕቶፖችን ወደ አዲስ የዊንዶውስ ስሪት ስናሸጋግር የሥራውን ተራ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ በ6 ሳምንት ጨርሰናል። ለመስክ ሥራ ድንኳን ውስጥ የ40 ሰው ቢሮ መረብ ከጄኔሬተርና ከሳተላይት ጋር አገናኝቼ አሠርቻለሁ።»

«የላቀ» የሚል ቃል የለበትም። «ውጤት ተኮር» የለበትም። ግን የሆስፒታሏ ሴት አሁን ሰውየውን አየችው። የአይቲ ኃላፊው ጋ ወስዳ «ይሄ ልጅ ይሆንሃል?» ማለት ትችላለች። ኃላፊውም ለቃለ መጠይቅ ጠርቶት «የላፕቶፑን ነገር እስቲ ንገረኝ» ሊለው ይችላል። የጥሩ ፉከራ ምልክቱ ይኸው ነው፤ ሰሚው ጥያቄ ይጠይቅበታል። በ«ላቀ የአመራር ብቃት» ላይ ግን ምን ተብሎ ይጠየቃል?

የሥራ ስሙንም ማግኘት ከባድ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር «ኦኔት» የሚባል የሙያዎች መዝገብ አለው፤ የጦር ሙያውን ኮድ ሲያስገቡለት ተቀራራቢዎቹን የሰላማዊ ሥራ ስሞች ያወጣል። ብዙ ቀጣሪዎች ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚያከማቹትና የሚፈልጉት በኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለውን የሙያ ቃል በእውነት የሚያውቁት ከሆነ በዚያው አጠራር መጻፍ ይጠቅማል። ማስታወቂያውን ሙሉ ለሙሉ ገልብጦ መለጠፍ ግን የትም አያደርስም፤ መጨረሻ ላይ የሚያነበው ሰው ነው።

*

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። «25 ብራቮ» ተብሎ የተመደበ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አይውልም። ወታደር ነውና ዘብ ይቆማል፤ ተሽከርካሪ ያጥባል፤ ሣር ያጭዳል። በጦር ሰፈር ውስጥ ዋናው መረብ ብዙ ጊዜ በሰፈሩ ማዕከላዊ የኮምፒዩተር ክፍል እጅ ነው፤ እዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሲቪል ሠራተኞች ናቸው። የሻለቃው ልጅ ዋናውን ሰርቨር የሚነካበት ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ሥራው ፕሪንተር ማገናኘት፣ አካውንት ማስከፈት፣ ኮምፒዩተር መጫን ሆኖ ሊያልቅ ይችላል። ይህን የማያውቅ አማካሪ «የኔትወርክ ኢንጂነር ነበርኩ በል» ይለዋል።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የመከላከያ ተቋራጮች ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ በቀድሞ ወታደሮች ነው። ማለትም ፉከራው እዚያ ላይ ዘማች ፊት ይወድቃል! «ራውቲንግ ፕሮቶኮሉን አስረዳኝ» ሲባል ልጁ ላብ ያጠምቀዋል። ከዚያም በላይ፣ የምስጢር ፈቃድ ያለበት ሥራ ሁሉ የሚቆመው በመታመን ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የተገኘ ውሸት ከአንዱ ሥራ መከልከልን ብቻ ላያመጣ ይችላል።

ታዲያ ፕሪንተር ሲያገናኝ የኖረ ልጅ ምን ይጻፍ? ፕሪንተር ማገናኘቱን ይጻፍ። የእርዳታ ዴስክ ሥራ ራሱን የቻለ የሙያ መግቢያ በር ነው፤ ብዙ የአይቲ ሰው የገባው በዚያ ነው። የጎደለውን ደግሞ በሐሰት ሳይሆን በጊዜ ይሙላው። ጊዜው ያለው ከመሰናበቱ በፊት ነው። «ስኪልብሪጅ» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አዛዡ ከፈቀደለት የመጨረሻዎቹን ወራት የጦሩን ደመወዝ እየበላ በሲቪል ድርጅት ውስጥ እንዲሠለጥን ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቀድሞ ወታደሮች የትምህርት ሕግ ደግሞ በቂ ጊዜ ላገለገለ ሰው እስከ 36 ወር የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። ሬዙሜን ለማሻሻል ዋናው ዘዴ አንዳንዴ ብዕር ሳይሆን ይኸው ነው፤ የሚጻፍ ነገር መሥራት።

ግዳይ መጣልም አይቀርም። የጥንቱ ፎካሪ አፉን ብቻ ይዞ አይመጣም ነበር፤ የጣለውን ያሳያል። የዛሬው ወታደር ግዳይ ምስክር ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የአሜሪካ መከላከያ መረቡን የሚነኩ ሰዎች የታወቀ የሙያ ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ያስገድድ ነበር፤ መመሪያው በኋላ በሌላ ተተክቷል። ስለዚህ ብዙዎቹ «ሴኪዩሪቲ ፕላስ» የተባለውን ፈተና ወስደዋል። ይህ ፈተና ሲቪሉም ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ግርጌ መደበቅ የለበትም። ዕድሜው ግን 3 ዓመት ነውና ሳያድሱት አልፎ ከሆነ እንዳለ አድርጎ መጻፍ አይገባም። በጦሩ የወሰዳቸውን ኮርሶች ዘርዝሮ ለኮሌጆች ክሬዲት የሚጠቁም የጋራ ትራንስክሪፕትም አለ። ባለቤቱ ያላወቀው ግዳይ ነው።

የምስጢር ፈቃዱም በዚያ አካባቢ ገንዘብ ነው። ቀጣሪው አዲስ ሰው ለማስመርመር ወራት ከሚጠብቅ ፈቃድ ያለውን ይመርጣል። ወታደሩ ከተሰናበተ በኋላ ግን ለዘላለም አይቆይም፤ በጥቅሉ 24 ወር ካለፈ እንደ አዲስ ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ ደረጃውንና ጊዜውን መጻፍ ይበጃል። ምን ዓይነት ምስጢር እንደነካ፣ የትኛው ሥርዓት የት እንደተተከለ ግን ወረቀት ላይ አይወጣም። ከተጠራጠረ ሳይሰናበት የክፍሉን የደኅንነት ኃላፊ ይጠይቅ። የመሰናበቻ ወረቀቱን፣ «ዲዲ 214» የሚሉትን፣ ሳይጠየቅ ከሬዙሜው ጋር አባሪ የሚያደርግም አለ፤ የግል መረጃው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሲጠየቅ ይስጥ።

*

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም ወታደር ይሆናል። ለኛ ልጅ ግን ሌላ ሸክም አለበት። ሸክሙን የጫነበት ቤቱ ነው።

እኛ ጋ «እኔ» ማለት ያሳፍራል። ሰው ስለራሱ ሲናገር «እንግዲህ ባቅማችን...» ብሎ ይጀምራል። «ሥራው ራሱ ይመስክር» ይላል። ደግ ትምህርት ነው፤ ጎረቤት ለሚያውቀው ሰው። ጦር ሠራዊቱም በበኩሉ «እኔ» አትበል፣ «ቡድኑ» በል ብሎ አሠልጥኖታል። ሁለት ጊዜ «እኛ» የተባለ ልጅ ቃለ መጠይቅ ገብቶ «አንተ ራስህ ምን ሠራህ?» ሲባል «ሁላችንም ተባብረን ነው» ይላል። ጠያቂው እንደ ትሕትና አይቆጥርለትም። ምንም አልሠራም ብሎ ይጽፋል።

መድኃኒቱ ጉራ አይደለም። «4 ሆነን ሠራን፤ ተራውን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጓደኛውንም አይክድም፣ ራሱንም አይክድም። እናት አጠገብ ቁጭ ብላ ብትሰማው የማታፍርበት «እኔ» ነው።

ሌላው ከቤት የወጣ ልማድ ቅጹ ነው። አገር ቤት የሚጻፈው ሲቪ ብዙ ጊዜ በጾታ፣ በትውልድ ዘመንና ቦታ፣ በጋብቻ ሁኔታ ይጀምራል፤ ፎቶም ይለጠፍበታል። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ አይጻፉም፤ ቀጣሪው አድልዎ አደረገ ተብሎ እንዳይከሰስ ባያያቸው ይመርጣል። በአንጻሩ የኛ ልጆች የሚተዉት ነገር አለ፤ አማርኛውን። ሁለት ወይም ሦስት ቋንቋ መናገር ብዙ የውጭ ተወላጅ በሚኖርበት አካባቢ ላለ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት የእርዳታ ዴስክ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዱን ጦሩ የተቀበለው ለቋንቋው ሲል እንደነበር ከላይ አይተናል። ጦሩ የፈለገውን እሱ ራሱ ይሰርዘዋል!

ለመንግሥት ሥራ የሚያመለክት ደግሞ ደንቡ ለየት እንደሚል ይወቅ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለቀድሞ ወታደር እንደ ሁኔታው 5 ወይም 10 ነጥብ የሚጨመርበት የቆየ ደንብ አላቸው፤ የግል ድርጅት ይህ አይመለከተውም። ድሮ ለፌዴራል ሥራ አምስትና ስድስት ገጽ ይጻፍ ነበር፤ ከ2025 ወዲህ ግን ከሁለት ገጽ አይበልጥም ተብሏል። የድሮ ምክር ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካለ በትሕትና አመስግኖ ማለፍ ነው።

*

ሂሱ ሁሉ በጸሐፊው ላይ ብቻ ሲወርድ ፍርድ ይጓደላል። አንባቢውም ይነበብ።

እኛ ይህን በሽታ ከአሜሪካ መማር አያስፈልገንም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ወታደር ተበተነ። በዚያ ሠራዊት ውስጥ እግረኛ ብቻ አልነበረም። የሬዲዮ ባለሙያ ነበረ፤ የአውሮፕላን መካኒክ ነበረ፤ የመገናኛ መሐንዲስ ነበረ። «የቀድሞ ሠራዊት» የሚለው ስም ግን ሁሉንም አንድ ቀለም ቀባቸው። የሰማ ሁሉ ጠመንጃውን አየ፤ የሠራውን እጅ አላየም። ከነሱ መሃል አንድ መስመር እንኳ የሚያነብለት አጥቶ ሙያው እጁ ላይ የዛገበት ስንት ነው? ያጣው እሱ ብቻ አይደለም። አገርም የከፈለችበትን እውቀት መንገድ ላይ ጥላ ሄዳለች።

የአሜሪካው ቀጣሪም «ስለ አገልግሎትህ እናመሰግናለን» ብሎ እጅ ጨብጦ ወረቀቱን ካስቀመጠ ያው ነው። ምስጋናው ጥያቄ ቢሆን ይሻል ነበር፦ «ኤስ 6 ማለት ምንድነው? እስቲ አስረዳኝ።» አንድ ጥያቄ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ ቁልፍ ቦታ ላይ የተቀመጡ የኛ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም፤ በአይቲ ክፍል ኃላፊ የሆኑ፣ የራሳቸውን ድርጅት የከፈቱ። የልጁን ወረቀት አንብበው «ይሄ ቃል አይገባኝም፤ ምን ማለትህ ነው?» ቢሉት ከሃያ የምክር ቪዲዮ ይበልጥ ይረዱታል። ለሠርግና ለለቅሶ እንሰባሰብ የለም እንዴ? አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የአምስት ልጅ ወረቀት ቢነበብ ምን ይጎድላል?

ለልጁም የምለው አጭር ነው። የዘመትክበትን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ፊትህ የለም። ስለዚህ ስሙን ጠርተህ አትለፍ፤ ስፋቱንም ንገረው፣ ጥልቀቱንም ንገረው፣ በምን እንደተሻገርክም ንገረው። ያልተሻገርከውን ግን ተሻገርኩ አትበል።